«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ሳይበር ጥቃት ነው። ርእሱን ስትሰሙ «ይሄማ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነገር ነው» ብላችሁ ጣቢያ እንዳትቀይሩብን አደራ። የምንነጋገረው ስለ ጄሪካን ውሃ፣ ስለ ዝርዝር ብር፣ ስለ እናቶቻችን የደም ግፊት መድኃኒትና ስለ እድር ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ብታቀርቡ ደግሞ ይጠቅማችኋል፤ መካከል ላይ አብረን የምንጽፈው ነገር አለ።

በቅድሚያ ወደ ዩክሬን ልውሰዳችሁ። ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2023። ኪየቭስታር የሚባለው የአገሪቱ ትልቁ የሞባይል ስልክ ኩባንያ 24 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ነበሩት። በዚያን ዕለት ማለዳ ሰዎች ስልካቸውን ሲያነሱ ኔትወርክ የለም። ሰርጎ ገቦች የኩባንያውን ኮምፒዩተሮች ውስጥ ውስጡን አውድመዋቸዋል። የቆመው ስልክ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በዚያው መስመር ይሠሩ የነበሩ የባንክ ኤቲኤሞችና የክፍያ ማሽኖችም ቆሙ። አገሪቱ ጦርነት ላይ ሆና ሳለ፣ አንዳንድ አካባቢ የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያው ተስተጓጎለ። ሊቪቭ በምትባለው የምዕራብ ዩክሬን ከተማ ደግሞ የመንገድ መብራት የሚታዘዘው በዚሁ ኔትወርክ በኩል ስለነበር፣ ሲነጋ መብራቱን የሚያጠፋው ጠፋ፤ ሠራተኞች ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ በእጃቸው አጠፉት። የሌላ ኩባንያ ሲም ካርድ ለመግዛት ሰው ሱቅ ደጃፍ ተሰለፈ። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሳምንት ገደማ ፈጀ።

ልብ በሉ፤ ጥቃቱ የተፈጸመው በአንድ ድርጅት ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። ጉዳቱ ያረፈው ግን ዳቦ ሊገዛ በወጣው፣ ለታመመች እናቱ ሊደውል በፈለገው ሰው ላይ ነው። ለዚህም ነው ዝግጅቱ ከቤት መጀመር ያለበት የምንለው።

እኛስ ጋ? ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም ነው፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል። ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ መቀዳት የጀመረው በሚያዝያ 2015 ነው። የመብራቱን፣ የውሃውን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በስልኩ የሚፈጽመው ሰው ብዙ ነው። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የመብራት ሒሳብ ለመክፈል ግማሽ ቀን መሰለፍ የሚናፍቀው የለም። ነገር ግን ኑሯችን ሁሉ ወደ አንዲት ስልክ በተሰበሰበ ቁጥር፣ ያቺ ስልክ ዝም ስትል የሚጎድለውም በዚያው ልክ እየበዛ ይሄዳል።

በሰኔ 2012 የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ የህዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሊጀመር ሲል መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በኢትዮጵያ ተቋማት ላይ የሞከሩትን ጥቃት ማክሸፉን አስታውቆ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በመጋቢት 2016 ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተዛብቶ፣ አንዳንዶች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡ አደሩ፤ በማግሥቱ የባንኩ አገልግሎት ለሰዓታት ተቋረጠ። ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ግልጽ አድርጓል። ሆኖም ያን ቀን ገበያ ወጥታ ሽንኩርት መግዣ ላጣች እናት፣ ምክንያቱ ጥቃት ይሁን ስሕተት ምን ለውጥ አለው? በጁላይ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለ የኮምፒዩተር ደኅንነት ድርጅት የላከው የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮችን አስተኝቶ፣ በብዙ አገሮች አውሮፕላን ማረፊያዎችንና ሆስፒታሎችን አስጨንቋል። እሱም ጥቃት አልነበረም። የቤት ዝግጅት መልካምነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ለጥቃቱ የተዘጋጀ ሰው ለብልሽቱም፣ ለጎርፉም፣ ለመብራት መቋረጡም ተዘጋጅቷል።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ እንግባ። መጀመሪያ ጥሬ ገንዘብ።

የኔዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2025 ለነዋሪዎች አንድ ምክር ሰጥቶ ነበር፤ ለሦስት ቀን የሚሆን ለአንድ አዋቂ 70 ዩሮ፣ ለአንድ ልጅ 30 ዩሮ ቤታችሁ አስቀምጡ ብሏል። አስቡት፤ ይህን የሚለው አብዛኛው ሰው በካርድ በሚከፍልበት አገር ያለ ማዕከላዊ ባንክ ነው። በአውሮፓ ያላችሁ ወገኖቻችን በዚሁ ልክ ብታስቡ መልካም ነው። አገር ቤት ያለን ደግሞ ሒሳቡን በራሳችን ኑሮ እንሥራው። ቤተሰቡ በሦስት ቀን ለዳቦ፣ ለአትክልት፣ ለታክሲ፣ ለልጆች ወተት የሚያወጣውን ደምሩ፤ በዚያ ላይ አንድ ሰው ቢታመም ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ጨምሩ። ከዚያ በላይ ቤት ውስጥ ማከማቸት አያስፈልግም፤ ሌባም እሳትም አለ። ገንዘቡ ግን ዝርዝር ይሁን። ሲስተም በቆመበት ቀን ባለሱቁም መልስ የለውም፤ ሁለት መቶ ብር ይዛችሁ የሃያ ብር ዳቦ ሳትገዙ ትመለሳላችሁ። የአሥር፣ የሃምሳና የመቶ ብር ኖት ቀላቅላችሁ፣ በፖስታ አሽጋችሁ አስቀምጡት፤ ለዕለት ወጪም አትንኩት።

ካርድ ቆጣሪ ያለበት ቤት የምትኖሩ ደግሞ አንድ ልማድ ያዙ፤ ሒሳቡ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ሙሉ። መሙያው ሲስተም ከቆመ፣ ሰፈሩ ሁሉ መብራት እያለው የእናንተ ቤት ብቻ ሊጨልም ይችላል።

ውሃን በተመለከተ ዓለም አቀፉ ልምድ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ነው፤ ግማሹ ለመጠጥ፣ ግማሹ ለምግብ ማብሰያና ለመተጣጠቢያ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለሦስት ቀን 60 ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ሦስት ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን። ብዙ የከተማ ሰው ውሃ በፈረቃ ስለሚደርሰው ይህን ያውቅበታል። የሚጨመረው ነገር ቢኖር ጄሪካኑን በየጊዜው መቀየርና ክዳኑን በደንብ መግጠም ነው። ውሃው ከቆየና ካጠራጠራችሁ አፍሉት፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩበት።

ስለ ስንቅ ብዙ አልናገርም፤ በዚህ በኩል እናቶቻችን ለማንም መምህር ይሆናሉ። ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጩኮ፤ ማቀዝቀዣም ምድጃም የማይፈልግ ምግብ ነው። እንጀራ የምትጋግሩት በኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ከሆነ ግን ሁለተኛ ዘዴ ይኑራችሁ። እዚህ ላይ ከባድ ማሳሰቢያ አለኝ። መብራት ሲጠፋ ብዙ ቤት ወደ ከሰል ይዞራል። በዝግ ክፍል ውስጥ የነደደ ከሰል ሽታም መልክም የሌለው ጋዝ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ የተኛን ቤተሰብ ሳያነቃ ይገድላል። ከሰል የሚነደው ውጭ ብቻ ነው። ቤት ለማሞቅ ብላችሁ ምድጃውን መኝታ ክፍል አታስገቡ፤ ፍሙ ከሰመም ቢሆን አታስገቡ።

አሁን ወረቀቱን አቅርቡ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የትዳር ጓደኛችሁን፣ የልጃችሁን፣ የወንድማችሁን ስልክ ቁጥር ሳታዩ ትናገራላችሁ? ድሮ የጎረቤቱን የቤት ስልክ ሳይቀር በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ ዛሬ የሚስቱን ቁጥር ለማወቅ ስልኩን ይከፍታል። ስልኩ ባትሪ ከጨረሰ፣ ከተሰረቀ ወይም ከተቆለፈ ቁጥሮቹም አብረው ሄዱ። ስለዚህ ጠንከር ያለ ወረቀት ወይም የደብተር ሽፋን ውሰዱ። ከላይ የቤተሰቡን አባላት ቁጥር በሙሉ ጻፉ፤ ስም ብቻ ሳይሆን የሥራ ወይም የትምህርት ቤት አድራሻቸውን ጭምር። ከዚያ በታች ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ያለ፣ ሁላችሁም የምታምኑት አንድ ዘመድ ጻፉ። እርስ በርስ መገናኘት ያቃታችሁ እንደሆነ እያንዳንዳችሁ ለእሱ ትነግሩታላችሁ፤ እሱ ያገናኛችኋል። ቀጥሎ የድንገተኛ ቁጥሮች፤ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ለምትኖሩ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። ስልክ ጭራሽ የማይሠራ ከሆነ በእግር የሚኬድበት የቅርብ ጤና ጣቢያና ፖሊስ ጣቢያ የት እንደሆነ ጻፉ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ማን እንደሚያመጣቸው፣ ሰው ቢዘገይ የት ቆመው እንደሚጠብቁ ጻፉ። በስተመጨረሻ ቤት ውስጥ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን አስፍሩ።

ይህን ወረቀት አንዱን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ሌላ ቅጂ በየልጁ ቦርሳ ይግባ። የይለፍ ቃልና የሚስጥር ቁጥር ግን በፍጹም አይጻፍበት።

መድኃኒት ካነሳን አይቀር እንቀጥል። በፌብሩዋሪ 2024 አሜሪካ ውስጥ ቼንጅ ኸልዝኬር የሚባል፣ ፋርማሲዎችን ከመድን ድርጅቶች ጋር የሚያገናኝ ኩባንያ ተጠቃ። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ፋርማሲስቱም አለ፤ መድኑ ይከፍል አይከፍል እንደሆነ የሚያሳየው ኮምፒዩተር ግን የለም። በብዙ ቦታ በሽተኛ ሙሉ ዋጋውን ከኪሱ ከፍሎ መውሰድ ወይም ባዶ እጁን መመለስ ነበረበት። ችግሩ ለሳምንታት ዘለቀ። በኦክቶበር 2021 ደግሞ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት በሐዴራ፣ ሂለል ያፌ ሆስፒታል ተጠቅቶ ሐኪሞች ካርድ በእጅ ወደ መጻፍ ተመልሰው ነበር። እንዲህ ባለ ቀን በሽተኛው ራሱ «የምወስደው ይህን ነው፣ የማይስማማኝ ይህ ነው» የሚል ወረቀት ከኪሱ ካወጣ ሐኪሙን በእጅጉ ያግዘዋል።

የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአስም መድኃኒት የምትወስዱ፣ የመጨረሻዋ ፍሬ ላይ ስትደርሱ አይደለም ፋርማሲ የሚኬደው። ቢያንስ የአንድ ሳምንት ትርፍ ይኑራችሁ። ኢንሱሊን የምትጠቀሙም «ፍሪጅ ጠፋ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ የአብዛኛው ዓይነት ኢንሱሊን የተከፈተ ብልቃጥ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ የክፍል ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። የእናንተው ስንት ቀን እንደሚቆይ ግን ፋርማሲስታችሁን ዛሬ ነገ ሳትሉ ጠይቁ። እንደ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላና ሠመራ ባሉ ሞቃት ቦታዎች የምትኖሩ በተለይ ይህን ጥያቄ አታሳድሩት።

ከቁሳቁስ ወገን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው በባትሪ ድንጋይ ወይም በሶላር የሚሠራ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ላይ ሆኜ ሬዲዮ ግዙ ስል ለቤቴ ያደላሁ ሊመስላችሁ ይችላል፤ እውነቱ ግን በኤፕሪል 2025 በአብዛኛው ስፔንና ፖርቱጋል ለሰዓታት መብራት በጠፋበት ቀን፣ ሰው ወደ ሱቅ ሮጦ የገዛው ባለ ባትሪ ሬዲዮ ነበር። ኢንተርኔትም ስልክም ሲዳከም መንግሥት የሚናገርበት መንገድ ይኸው ነው። ሁለተኛው የሌላ ኩባንያ ሲም ነው። ዛሬ በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም አለ፤ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ኔትወርክ ከሚሆን አንድ ሰው ሌላውን ቢይዝ፣ አንዱ ሲቆም ሌላው ይደርሳል። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ጥሪ እንቢ ቢልም አጭር መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ መጀመሪያ መልእክት ሞክሩ።

አሁን ደግሞ በስልካችንና በኮምፒዩተራችን ላይ ወደምንሠራው እንለፍ። «የእኔ ስልክ ማን ሊፈልገው?» የሚል አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ የቤት ካሜራዎችንና የዋይፋይ ሞደሞችን በመቶ ሺዎች ወርሮ፣ ትልልቅ ድርጅቶችን የሚያጠቃ ሠራዊት አደረጋቸው። የገባውም ባለቤቶቹ ፋብሪካው የሰጠውን የይለፍ ቃል ስላልቀየሩት ነው። የዋይፋያችሁ ሞደም ሲገጠም የመጣው የይለፍ ቃል እስካሁን እንዳለ ከሆነ፣ የገጠመላችሁን ባለሙያ ጠርታችሁ አስቀይሩት። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ አሊኲፓ በምትባል ከተማ የውሃ ግፊት መቆጣጠሪያ መሣሪያ ተጠልፎ ነበር፤ ያ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሰጠው የይለፍ ቃል 1111 ነው። ሠራተኞቹ ፈጥነው ወደ እጅ ሥራ በመመለሳቸው ውሃው አልተቋረጠም።

ሁለት ትልልቅ ጥቃቶችን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። አንዱ ቀደም ሲል ያነሳነው የፋርማሲዎቹ ነው። ሌላው በሜይ 2021 በኮሎኒያል የነዳጅ ማስተላለፊያ ላይ የደረሰው ነው፤ ለአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ግማሽ ያህሉን ነዳጅ የሚያደርስ መስመር ለአምስት ቀን ያህል ቆመ። በሁለቱም በኩል ሌባው የገባው በተሰረቀ መግቢያ ነበር፤ የይለፍ ቃሉን ያወቀ ሰው ሁለተኛ ማረጋገጫ አልተጠየቀም። በቢሊዮን ዶላር የሚንቀሳቀሱ ድርጅቶች በዚህች ጉድለት ተንበረከኩ። እናንተ ግን ዛሬ ማታ በነጻ ልትደፍኗት ትችላላችሁ። በቴሌግራም፣ በፌስቡክ፣ በዋትስአፕና በኢሜይላችሁ ቅንብር ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባል አለ፤ አብሩት። ለማብራት ያስቸገራችሁ እንደሆነ ከቤት ውስጥ የሚያውቅ ልጅ አይጠፋም። ሲም ካርዳችሁም በራሳችሁ ስም ይሁን። በሌላ ሰው ስም በወጣ ሲም የሚጠቀም ሰው፣ ሲሙ ቢጠፋበት የባንክና የቴሌብር ሒሳቡን መልሶ ለማግኘት ይቸገራል።

ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ «ማሻሻያ አለ» ሲላችሁ አታሳድሩት። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ መድኃኒቱ ከሁለት ወር በፊት በነጻ ተሰራጭቶ ነበር። የተያዙት ያልጫኑት ናቸው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ የምትጠቀሙ፣ አፕ በቴሌግራም ግሩፕ ተቀብላችሁ የምትጭኑ ወጣቶች ይህን በተለይ ስሙ፤ የቤተሰቡ ሁሉ ገንዘብ ያለበት ስልክ ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አፕ አይጫንም።

የሠርግ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ የልደት ሰርተፊኬት ፎቶ፤ ይህ ሁሉ ስልክ ውስጥ ብቻ ከሆነ አንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የተባለ ጥቃት መርስክ የሚባለውን ግዙፍ የመርከብ ድርጅት ኮምፒዩተሮች በዓለም ዙሪያ ሲያወድም፣ የኔትወርኩን ቁልፍ መረጃ የያዘ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ተረፈ። የነበረው ጋና ነው። የተረፈውም በዚያች ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከመስመር ውጭ ስለነበር ነው። እነሱን ዕድል ረዳቸው፤ እኛ አስበን እናድርገው። ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ገዝታችሁ ፋይሉን ገልብጡ፣ ከዚያ ነቅላችሁ አስቀምጡ። ተሰክቶ የሚውል መጠባበቂያ ቫይረሱ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል። የባንክ ደብተርና የመታወቂያ ቅጂም በወረቀት ይኑር።

ከሁሉ ይበልጥ የምሰጋው ግን ከጥቃቱ ማግሥት ስለሚመጣው ነው። አንድ ባንክ ወይም ቴሌ ችግር ገጠመው ተብሎ በተወራ በሰዓታት ውስጥ አጭበርባሪዎች ስልክ ይደውላሉ። ክራውድስትራይክ በተበላሸ ዕለትም «እኛ እናስተካክልላችኋለን» የሚሉ ሐሰተኛ ድረ ገጾች ወዲያው ፈልተዋል። እኛ ዘንድ ጥሪው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ ከባንክ ነው የምደውለው። በደረሰው ጥቃት ምክንያት ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው፤ እንዳይዘጋ አሁን ስልክዎ ላይ የሚደርስዎትን ስድስት ቁጥር ያንብቡልኝ።» ድምፁ ትሑት ነው፤ ስምዎንም ያውቃል፤ ከጀርባው የቢሮ ጫጫታ ይሰማል። መልሱ አንድ ነው፤ ስልኩን መዝጋት። ባንክ የሚስጥር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም። «እደውልልሃለሁ» ብላችሁ እሱ በሰጣችሁ ቁጥርም አትደውሉ፤ ቅርንጫፉ በእግር ሂዱ።

ሌላው በዘመድ ስም የሚመጣው ነው። ልጃችሁ ጅዳ ወይም ቤይሩት ትሠራለች እንበል። በእሷ ቴሌግራም «እማ፣ ችግር ላይ ነኝ፣ በዚህ ሒሳብ ቶሎ አስገቢልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። በዚህ ዘመን ድምፅም በኮምፒዩተር ይመሰላል፤ ስለዚህ ድምፅ ሰማሁ ብላችሁ አትመኑ። ቤተሰቡ አንድ የምስጢር ቃል ይስማማ። የልደት ቀን ወይም የልጅ ስም አይሁን፤ እሱማ ፌስቡክ ላይ አለ። የድሮዋ ላማችሁ ስም፣ አያት ቤት በር ላይ የነበረው ዛፍ፣ እናንተ ብቻ የምታውቁት ነገር ይሁን። ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ያን ቃል ካልተናገረ አይላክለትም፤ እውነተኛዋ ልጅ አትቀየምም። ወላጆች አገር ቤት፣ ልጆች ዐረብ አገር፣ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያላችሁ በሚቀጥለው ስልካችሁ ይህን ቃል ተስማሙ። በጽሑፍ ሳይሆን በቃል።

ወሬንም እንጠንቀቅ። የኮሎኒያል መስመር በቆመ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በአትላንታ ማደያዎች ሰልፉ ረዘመ፤ ብዙዎቹ ማደያዎች ደረቁ። ከመስመሩ መቆም በላይ ማደያዎቹን ያደረቃቸው ሁሉም በአንድ ቀን ልቅዳ ማለቱ ነው። ነዳጅ በፌስታል እስከ መቅዳት የሚደርስ እንዳይኖር የአሜሪካ የሸማቾች ደኅንነት መሥሪያ ቤት በይፋ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አስቀድሞ ትንሽ ትንሽ ያስቀመጠ ቤተሰብ በዚያ ቀን ሰልፍ አይወጣም፤ ባለመውጣቱም ላልነበረው ጎረቤቱ ያተርፍለታል። ዘይት አለቀ፣ ባንክ ሊዘጋ ነው የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት ከታመነ ምንጭ አረጋግጡ።

የምጨርሰው በእድር ነው። አንዲት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ጄሪካን ውሃ መቅዳት፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት አትችልም። ስልክ ቢቋረጥ ማን ያንኳኳላታል? እድር የአባላቱን ቤት ለይቶ ያውቃል፣ የስም መዝገቡ በወረቀት ነው፣ ድንኳንና ብረት ድስት አለው፣ መልእክት በጥሩምባና በሰው እግር ማድረስ ያውቅበታል። ሲስተም ኖረም አልኖረም ሥራውን ይሠራል። በእኔ እምነት በከተሞቻችን ለእንዲህ ያለ ቀን ከእድር የተሻለ የተደራጀ ነገር የለም፤ እስካሁን ግን በዚህ ጉዳይ ያማከረው ሲኖር አልሰማሁም።

ስለዚህ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ይህን የምትሰሙ ሁሉ፣ በሚቀጥለው የወር ስብሰባችሁ ላይ ሦስት ጥያቄ አንሱልን። ስልክ ለሦስት ቀን ቢቋረጥ መልእክት በማን በኩል ይደርሳል? በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱና ብቻቸውን የሚኖሩ አባላት እነማን ናቸው? ለእያንዳንዳቸው በሩን የሚያንኳኳው የቅርብ ጎረቤት ማን ነው? መልሱን በመዝገባችሁ ላይ በእስክሪብቶ አስፍሩት።